ጨዋታና ተመልካቹ፦ ከገበጣ እስከ ፕሌይስቴሽን ቤት

የቪዲዮ ጌም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የፈጣሪዎቹና የኩባንያዎቹ ታሪክ ሆኖ ነው፤ ማን ምን ሠራ፣ መቼ ለገበያ አቀረበ፣ ስንት ሚሊዮን ሸጠ በሚሉ ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። መሣሪያው ለሚፈበረክባቸውና ባለቤቶቹ ለሚገኙባቸው አገሮች ይህ አካሄድ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው በመንገደኛ ሻንጣና በነጋዴ ካርቶን ለሚደርሳቸው አገሮች ግን ዋናው ታሪክ የሚገኘው በተጫዋቹና ተጫዋቹን ከብቦ በሚመለከተው ሰው ዘንድ ነው። ኮንሶል የሚባለው፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ለጨዋታ የሚያገለግለው ኮምፒዩተር፣ መጀመሪያ የታሰበው ለአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነበር፤ የራሱ መስኮትና ባትሪ ያለው የእጅ ጌም ደግሞ ለአንድ ሰው መዳፍ ታስቦ ተሠራ። በኢትዮጵያ ከተሞች ሁለቱም ከታሰበላቸው ውጪ የጋራ ሆኑ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የዋጋው ውድነት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ይሁንና ጨዋታ በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ በተመልካች ፊት፣ በአስተያየትና በክርክር መካከል ሲከናወን የኖረ ማኅበራዊ ተግባር መሆኑ ካልታሰበ ነገሩ በዋጋ ብቻ ተገልጾ አያልቅም።

ከመሣሪያው በፊት የነበረው ጨዋታ

ገበጣ በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ረድፍ በተደረደሩ ጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር ወይም የእህል ፍሬ እያከፋፈሉ የሚጫወቱት፣ ቆጠራንና አስቀድሞ ማሰብን የሚጠይቅ የውድድር ዓይነት ነው። በትግራይ በየሓ፣ በዛሬዋ ኤርትራ ደግሞ በመጠራ የተገኙት የገበጣ ቅሪቶች ከ6ኛውና ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ይገመታል፤ ግምቱ ትክክል ከሆነ ጨዋታው በአክሱም ዘመን የነበረ ነው ማለት ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የገበጣ አጨዋወት ከአካባቢ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከመንደር መንደር እንደሚለያይ በዝርዝር አሳይተዋል። ገበጣ መሣሪያ የሚገዛለት ጨዋታ አይደለም፤ ከብት ይዞ እንደ ጣና ዳሩ ፎገራ ባለ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ለሚውል እረኛ መሬቱ ሰሌዳ፣ ጠጠሩም መጫወቻ ይሆንለታል። ሁለት እረኞች ጎንበስ ብለው ሲቆጥሩ ሌሎቹ በዙሪያቸው ቆመው ቀድመው ይቆጥራሉ፣ የተሳሳተውን ያርማሉ፣ ተራቸውንም ይጠብቃሉ።

ሰንጠረጅ የተባለው የኢትዮጵያ ቼዝ ደግሞ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለው የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረጅ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። ጨዋታው ብዙውን ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሠርቶበት ይካሄድ የነበረ ሲሆን፣ ከሌላው ዓለም ቼዝ በግልጽ የሚለየው «ወረራ» በተባለው መክፈቻው ነበር። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ሰደው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደ ፍላጎታቸው ያንቀሳቅሳሉ፣ ባላጋራቸው ያደረገውንም እያዩ አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው በተራ የሚሆነው። ተራ ሳይጠበቅ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት አጨዋወት ዛሬ የአብዛኛው የቪዲዮ ጌም መለያ ስለሆነ፣ ወረራ በጨዋታዎች ታሪክ ውስጥ ከተሰጠው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን ግቢ የጎበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ስለ ሰንጠረጅ ሲጽፍ የተመልካቹን ድርሻ ሳያነሣ አላለፈም። ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ሹማምንት፣ አገልጋዮቹም ጭምር፣ አስተያየት የመስጠትና ጠጠሩን በእጃቸው እያነሡ የማሳየት ነጻነት ነበራቸው። በሌላው ጉዳይ ሁሉ ደረጃ በጥብቅ በሚጠበቅበት ግቢ ሰሌዳው ሲዘረጋ ተመልካች የመናገር መብት ማግኘቱ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ወጣቶች እየከፈሉ ቪዲዮ ጌም በሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚታየው ልማድ ሥሩ ጥልቅ መሆኑን ያመለክታል።

ቴሌቪዥኑ የጨዋታ ሜዳ ሲሆን

ቴሌቪዥንን ከመመልከቻነት አልፎ መጫወቻ የማድረግ ሐሳብ ወደ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ራልፍ ቤር የተባለው መሐንዲስ ያመነጨው ማግናቮክስ ኦዲሴይ የመጀመሪያው የቤት ኮንሶል ሆኖ በአሜሪካ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት አታሪ ኩባንያ ሁለት ሰረዞች አንዲት ነጥብ የሚቀባበሉበትን ፖንግን በሳንቲም በሚሠራ ማሽን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ገበያ በብዛት በተመረቱ ደካማ ጌሞች ተጨናንቆ ሲወድቅ፣ የጃፓኑ ኒንቴንዶ በዚያው ዓመት ፋሚኮም የተባለውን ኮንሶሉን በአገሩ ማሰራጨት ጀመረ፤ የዘርፉ መሪነትም ለብዙ ዓመታት ወደ ጃፓን ዞረ።

ኮንሶል ያለ ቴሌቪዥን ከንቱ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ የታሪኩ መነሻ የቴሌቪዥን ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቀለም ሥርጭት የመጣው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ በተከበረበት ወቅት ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ሸቀጥ ማስገባት በእጅጉ የተገደበ በመሆኑ፣ ኮንሶል የሚያውቀው ከውጭ አገር የሚመላለስ ዘመድ ያለው ጥቂት የከተማ ቤተሰብ ነበር። የቪዲዮ ጌም ፍቅር ወደ ሕዝቡ የዘለቀው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግዱ ሲከፈትና የሶኒ ፕሌይስቴሽን ሲመጣ ነው። ኬን ኩታራጊ በተባለ መሐንዲስ መሪነት የተሠራው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1994 ነው፤ መጋቢት 4 ቀን 2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ምርቱ እስከቆመበት እስከ 2013 ድረስ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በታሪክ ከፍተኛ ሽያጭ ያስመዘገበ ኮንሶል ሆነ። ጌሙን የመጀመሪያው በሲዲ፣ ሁለተኛው በሲዲና በዲቪዲ ማጫወታቸው እንደ ኢትዮጵያ ላለ ገበያ ወሳኝ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ኮንሶሎች የሚጠቀሙበት ካርትሪጅ፣ ማለትም ውስጡ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያለበት ሣጥን፣ ተቀድቶ ሊባዛ የማይመች ሲሆን ሲዲ ግን በየሱቁ በጥቂት ብር ይገለበጥ ነበር። የባለቤትነት መብትን የሚጥሰው ይህ ልማድ የብዙ ታዳጊ ገበያዎች የጋራ ገጽታ እንደነበረና ብዙ ወጣት ከጌም ጋር የተዋወቀው በዚሁ መንገድ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊ ሊደብቀው አይገባም።

ከጆተኒ ቤት እስከ ጌም ቤት

ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ወይም በአጭሩ ጌም ቤት፣ ከባዶ የተነሣ ተቋም አይደለም። ከእርሱ በፊት በኢትዮጵያ ከተሞች ከረንቡላና ፑል ቤት፣ በበረንዳና በየመንገዱ ዳር የሚቆም ጆተኒ፣ እንዲሁም ፊልም በሳንቲም የሚታይበት ቪዲዮ ቤት ነበሩ። ጆተኒ ተጫዋቾች ብረት እየዘወሩ የእንጨት ኳስ ተጫዋቾችን የሚያንቀሳቅሱበት ጠረጴዛ ሲሆን፣ የወጣቱን የኳስ ፍቅር ወደ ትንሽ ሜዳ አምጥቶ በጨዋታ ሒሳብ የማስከፈልን ሥርዓት አስተማረ፤ ቪዲዮ ቤት ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን ለብዙ ሰው መቀመጫ የሚያስገኝበትን አሠራር አስለመደ። ጌም ቤት ከመጀመሪያው የሒሳቡን ሥርዓት፣ ከሁለተኛው ቤቱንና አግዳሚውን ወረሰ። በአንድ መንደር እያንዳንዱ ቤት የራሱ ወፍጮ እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ በአንድ ሰፈርም ሁለት ሦስት ኮንሶል ያለው ቤት ለወጣቱ ሁሉ ይበቃ ነበር።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ በር ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት አንድ ክፍል ነው። ቴሌቪዥኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይደረደራሉ፤ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፤ በወንበሩ ጠርዝ ሁለቱ ተጫዋቾች ጆይስቲክ ይዘው፣ ከጎናቸውና ከኋላቸው ደግሞ ወረፋ ጠባቂዎችና ምንም ሳይከፍሉ ለማየት ብቻ የመጡ ልጆች ተጣብበው ይቀመጣሉ። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ በብዙ ቤቶች በተለመደው ደንብ ተሸናፊው ሒሳቡን ከፍሎ ይነሣል፣ አሸናፊው ለቀጣዩ ተፎካካሪ ይቆያል። ተመልካቹ ዝም አይልም፤ የትኛው ተከላካይ መቀየር እንዳለበት ይናገራል፣ የተሳተውን ጎል ይተነትናል፣ የዳኛውንም ውሳኔ ይሟገታል። ተጫዋቹ የሚጫወተው ከባላጋራው ጋር ብቻ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ባለው ሸንጎ ፊት ስሙን እያስመዘገበ ነው።

በእነዚህ ቤቶች የነገሠው ጌም ኳስ ነው። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያወጣው ዊኒንግ ኢለቨን፣ በኋላ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የተባለው፣ እና የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከ1993 ጀምሮ ያወጣው ፊፋ የወጣቱን ፍቅር ለሁለት ከፈሉት። ልዩነታቸው በጣት ደረጃ የሚታወቅ ነበር። በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ቀኝ በኩል አራት ምልክቶች፣ መስቀል፣ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን፣ ያሉባቸው ቁልፎች ይገኛሉ፤ በኮናሚ ጌም የተለመደው አሠራር ወደ ጎል የሚመታው በአራት ማዕዘኑ፣ ረጅም ኳስ የሚላከውም በክቡ ሲሆን፣ በፊፋ ግን ይህ በትክክል ይገለበጣል። ለዓመታት በዊኒንግ ኢለቨን ጣቱን ያሠለጠነ ልጅ ፊፋ ሲይዝ ግብ ጠባቂው ፊት ደርሶ ኳሷን ከፍ አድርጎ ይልካታል፤ ከኋላው ያለው አግዳሚም በጩኸት ይናጋል። በጆይስቲኩ ውስጥ ቁልፎቹን የሚደግፉት የላስቲክ ሽፋኖች በብዛት የሚያልቁትም የምት ቁልፉ ባለበት ቦታ ነው፤ ጆይስቲክ ፈትቶ ላስቲክ መለወጥ፣ ሲዲ የማያነብ ሌንስ መጥረግና ማስተካከል በየከተማው የራሱ ባለሙያ ያለው ሥራ ሆነ። የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊነት በዲኤስቲቪ ቤቶች በተስፋፋበት ዘመን፣ ቅዳሜ የታየው ግጥሚያ እሑድ በጆይስቲክ እንደገና ይዳኝ ነበር።

ፎገራ፦ መንገዱ፣ መብራቱና ሩዙ

ጌም ቤት በአንድ ከተማ እንዲኖር ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ዕቃ የሚያመጣ መንገድ፣ ኃይል የሚሰጥ መብራት፣ በወጣቱ እጅ የሚዘዋወር ዝርዝር ብር። ለዚህ ምሳሌ የምትሆነው የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ወረታ መንገዱን የታደለች ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ከደብረ ታቦርና ከወልዲያ ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው በእርሷ ላይ ስለሆነ፣ ከመርካቶ የተጫነ ሸቀጥ በቀላሉ ይደርሳታል። የጎረቤቱ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አንበሳሜ ከዚህ አውራ ጎዳና ገባ ብላ ትገኛለች፤ በሁለቱ ወረዳዎች መካከል የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ይወርዳል። ኃይሉን በተመለከተ፣ ከዚያው ከጣና የሚወጣው ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ በጀመረው በጢስ ዓባይ ጣቢያ፣ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና ውኃ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው በጣና በለስ አማካይነት ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ግን ያላለቀው ጨዋታ ሒሳቡ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው ክርክር የጌም ቤት የዘወትር ጉዳይ ነው።

ገንዘቡን ያመጣው በዋናነት ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ እርሻ፣ ቀድሞ በክረምት ውኃ ተኝቶበት ብዙም የማያመርተውን ሜዳ የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምንጭ አደረገው፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። ሩዝ ለገበያ የሚመረት እህል በመሆኑ ወፍጮ፣ መጋዘን፣ ጫኝና አውራጅ፣ ደላላ፣ ሻይ ቤትና ሆቴል አስከትሎ ወረታን አሰፋት። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪና በወፍጮ ቤት በቀን ሒሳብ የሚሠራ ወጣት የሚገኙበት እንዲህ ያለ ከተማ ለጌም ቤት ምቹ ነው፤ ወላጁ በገበጣ ያደገ ልጅ የኳስ ሜዳን በመስኮት ውስጥ ያገኘው በዚህ ዓይነት የኑሮ ለውጥ መካከል ነው።

በመዳፍ ውስጥ ያለው ጌም

የእጅ ጌም አባት የሚባለው የኒንቴንዶው መሐንዲስ ጉንፔ ዮኮይ አዲስና ውድ ከሆነው ይልቅ የተለመደውንና የረከሰውን ቴክኖሎጂ በአዲስ መንገድ መጠቀም ይበልጣል የሚል እምነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የዚህ እምነት ፍሬ ነው፤ መስኮቱ ቀለም አልነበረውም፣ በአራት የብርሃን ደረጃ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን በአራት ትናንሽ ድንጋዮች ከ10 ሰዓት በላይ ስለሚያጫውት ባለ ቀለም የሆኑትን ተፎካካሪዎቹን አሸነፈ። ከጌም ቦይ ጋር የተሸጠው ቴትሪስ አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የፈጠረው፣ የሚወርዱ ቅርጾችን ክፍተት ሳይተዉ የመደርደር ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያ ግን ቴትሪስን ያስተዋወቀው ከጌም ቦይ ይልቅ በቻይና የተሠራው ርካሹ ብሪክ ጌም ነው፤ ይህ መሣሪያ በትምህርት ቤት ደጃፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አንዱ ሲጫወት ሁለት ሦስቱ በትከሻው ላይ ተንጠልጥለው ቀጣዩ ቅርጽ የት እንደሚገባ ይጠቁሙ ነበር።

ከዚያ የሰፋውን በር የከፈተው ሞባይል ነው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 በ6110 ስልኩ ላይ ያካተተውን የእባብ ጌም የጻፈው ታኔሊ አርማንቶ የተባለ ፊንላንዳዊ ሲሆን፣ የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ክልል ከተሞችና ገጠር ሲዘልቅ ጌሙም አብሮ ዘለቀ። ጌም ለመጫወት ተብሎ የተገዛ ስልክ ባይኖርም፣ ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ በቤቱ የገባው የመጀመሪያው ቪዲዮ ጌም ይኸው እባብ ነው። ስማርት ስልክ ከመጣ በኋላ የጌሙ ብዛት ቢጨምርም የኢንተርኔት ጥገኝነቱም ጨምሯል፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ከመረብ ጋር ካልተገናኙ የማይከፈቱ አዳዲስ ጌሞች ሥራ ሲፈቱ፣ በሲዲ የሚሠሩት አሮጌ ኮንሶሎች ግን ምንም አልሆኑም። አሮጌው መሣሪያ ለመጫወት ከማንም ፈቃድ አለመጠየቁ ያለው ዋጋ እንዲህ ባለ ጊዜ ይታወቃል።

የወላጅ ሥጋትና የተጫዋቹ ክብር

ጌም ቤት በወላጅና በመምህር ዘንድ መልካም ስም የለውም። ልጆች ከክፍል ቀርተው የሚውሉበት፣ ለሒሳብ ሲሉ ከቤት ገንዘብ የሚያነሡበት፣ አንዳንዴም ጨዋታው ወደ ቁማር የሚያዘነብልበት ቦታ መሆኑ በተደጋጋሚ ተነሥቷል፤ የአስተዳደር አካላትም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በትምህርት ቤቶች አካባቢ ያሉትን በተለያየ ጊዜ ዘግተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ የኑሮን ሌላ ሥራ ሁሉ እስከመተው የሚያደርስ የጌም ልምድን እንደ ሕመም መመደቡ ሥጋቱ መሠረት እንዳለው ያሳያል። ሆኖም ድርጅቱ ሕመም ያለው ልኩን ያለፈውን ነው፤ ከሥራና ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር የሚጫወተውን ብዙኃኑን ተጫዋች ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። ተራ ተጫዋች በጌም አይተዳደርም፣ ሻምፒዮንም አይሆንም፤ ጨዋታን የሚወደው ራሱን ጨዋታውን ስለሚወደው ነው፤ ይህም ሰሌዳ ፊት የተቀመጡት መኳንንትና ጠጠር የሚቆጥሩት እረኞች የነበራቸው ፍቅር ነው። የሰዓት ገደብ፣ የዕድሜ ገደብና የቁማር ክልከላ ያለው ጌም ቤት ወጣቱ በሰው መካከል ሆኖ ማሸነፍንና መሸነፍን የሚማርበት ቦታ መሆን ይችላል፤ ብቻውን በስልኩ ላይ ከማጎንበስም ይሻላል።

የራስ የሆነ ጌም

ተቀባይ ብቻ ሆኖ የቆየው አገር አምራች መሆን የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የሞባይል ጌም እ.ኤ.አ. በ2018 ይዞ ቀርቧል፤ ጌሙ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮን ሩጫ የሚያሳይ ሲሆን፣ የበዓል ዋዜማን ግርግር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ታሪኩን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ይኸው ተቋም ገበጣንም በስልክ የሚጫወቱት ጌም አድርጎ ሠርቶታል። እነዚህ ሥራዎች ከውጭ ጌሞች ጋር በገንዘብና በባለሙያ ብዛት የሚወዳደሩ ባይሆኑም፣ የዘርፉ ጥሬ ዕቃ በአገር ውስጥ እንዳለ አረጋግጠዋል። ወረራን በመስኮት ላይ የሚያስነሣ የሰንጠረጅ ጌም፣ ከአንድ ወንበር ላይ ብዙ ሰው አስተያየት ሰጥቶ የሚካፈልበት ውድድር፣ የፎገራን የውኃና የሩዝ ወቅቶች የሚያስተምር ጨዋታ ቢሠሩ ለኢትዮጵያዊው ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ለዓለምም አዲስ ነገር ይሆናሉ።

ለዚህ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያለበት አለ። በደራና በፎገራ ቀበሌዎች ያሉ አረጋውያን የሚያውቁት የገበጣ ደንብ፣ የሰንጠረጅ ወረራ ሥርዓት፣ የጆተኒ ቤቶችና የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ታሪክ፣ በየሱቁ ጥግ አቧራ የለበሱት ብሪክ ጌሞችና ፕሌይስቴሽን 2ቶች ሁሉ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ለዚህ ሥራ ቢያሰማሩ፣ መምህራን ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙትን የጨዋታ ደንብ ጽፈው እንዲያመጡ ቢያደርጉ፣ ጌም ሠሪው የሚነሣበት መሠረት፣ ተመራማሪው የሚጠቅሰው ማስረጃ፣ ተራው ተጫዋችም ፍቅሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት ታሪክ ያገኛል። ጨዋታን በቁም ነገር መያዝ የሚጀምረው ደንቡን ከነባለቤቱ በመጻፍ ነው።